ውሃ ያልጠጣው ጡብ

«ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ፣ ይቺን ግድግዳ ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል!» አለች ፍንዳታ።

ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ አፏ አያርፍማ። ከተማው በአንድ ጠዋት ከፈራረሰ ወዲህ ትምህርቷን ትታ ግንበኛ ሆናለች። ሥራውን ያስተማሯት ጎረቤቷ ሽማግሌው ግንበኛ፣ ጋሼ ናቸው። እሷ ግን በሌሉበት «ኤሊው» ትላቸዋለች። እያንዳንዷን ጡብ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አረፋዋ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ጠብቀው ነዋ የሚደረድሩት!

የአያቷን ቤት ግድግዳ ጨርሳለች፤ አሁን የቀራት አዲስ ቤቶችን እየዞረች የምትመረምረው መሐንዲስ ፊርማ ብቻ ነው። ያለ ፊርማ ጣራ አይመታም። ጣራ ካልተመታ ደግሞ አያቷ ክረምቱን ድንኳን ውስጥ ሊገፉት ነው፤ ሳሉ እንደሆነ ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

መሐንዲሷ መጥታ ቱንቢዋን ጣለች። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ፍንዳታ ደረቷን ነፋች። መሐንዲሷ ከላይ ያለውን ጡብ በሁለት ጣቷ ብድግ ስታደርገው ግን ሲሚንቶው ከሥሩ እንደ ዱቄት ረገፈ።

«ጡቡን ነክረሽዋል?»

«የውሃ ቦቴው ወረፋ እኮ…»

«ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውሃ መጦ ይጨርሰዋል። ከመስኮት በላይ ያለው ይፍረስ። ነገ አሥር ሰዓት ላይ አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ የምመለሰው ከወር በኋላ ነው።»

ፍንዳታ አመሻሹን ሙሉ እያለቀሰች አፈረሰች።

በማግስቱ ስትነሳ ጋሼ ቀድመዋታል። የራሳቸውን ቤት መሠረት ትተው፣ በርሜል ሙሉ ጡብ ነክረው የእሷን ግድግዳ ይገነባሉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቤትስ?»

«የት ይሄዳል? መሬት ላይ አይደል ያለው! አቀብይኝ።»

ቦቴው ጋ የተሰለፉት ይህን አይተው ዝም አላሉም። ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በርሜሉን ሞሉት። በወረፋ ሁሌ የምትነታረካት ጎረቤቷ እንኳ፣ እያጉረመረመች ሁለት ጀሪካን ገለበጠችላት።

አሥር ሰዓት ላይ መሐንዲሷ አንድ ጡብ አስነስታ ሥሩን አየች። ሲሚንቶው ሙጭጭ ብሎበታል። ፈረመች።

አያቷ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ተመስገን! ተመስገን!» ሲሉ፣ ፍንዳታ ዓይኗ በእንባ ግጥም አለ። ድንጋይ ላይ ወጣች።

«ጎረቤቶቼ! ጋሼ! ይህን ውለታችሁን እስክሞት ድረስ…»

«እስክትሞቺ ማን ይጠብቅሻል?» አሉ ጋሼ የግንበኛ ማንኪያቸውን እያጠቡ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዘሽ እኔ ቤት ነይ።»