የጋሼ ዳምጤ «ኸ»

ጋሼ ዳምጤ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሜልበርን ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የደበቁት አንድ ጉድ አለ፦ «ከ» ማለት ሲገባቸው ከጉሮሮ እየፋቁ «ኸ» ይላሉ። አዲስ አበባ ገብተው «ኸቤት መጣሁ» ባሉ ቁጥር ሲሳቅባቸው፣ ምላሳቸውን እንደ ወይፈን ገሩት። ዛሬ የምታመልጣቸው ሲናደዱ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቀድሞ የሚስቀው የወንድማቸው ልጅ መክብብ ነው።

ይኸው መክብብ ታዲያ ፍቅር ያዘው። ልጅቷ ቱያና ትባላለች፤ ሩስያ ውስጥ፣ ባይካል ሐይቅ አጠገብ ከሚኖሩት ከቡርያቶች ወገን ናት። ያሳደጓት አያቷ፣ እማማ ኻንዳ፣ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ሄሎ» እና «ኖ ሹገር» ብቻ ነው። እሳቸው ካልመረቁ ቱያና አታገባም። የእሳቸውም ቃል አንድ ነው፦ «በቋንቋዬ ስለ ራሱ አንድ ነገር አስተካክሎ ይናገር። ተናጋሪያችን እያለቀ ነው፤ ልጄን ቋንቋዋን ለማይሰማ አልሰጥም።»

መክብብ ሊል የሚገባው «መክብብ ሃይን ኹን» ነው፤ መክብብ ጥሩ ሰው ነው ማለት ነው። እሱ ግን «ኹ» ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት «ሃይን ሁን» ይላል። «ሁን» ደግሞ በቡርያትኛ ወተት ነው! ሦስት ወር ሙሉ «መክብብ ጥሩ ወተት ነው» እያለ ከረመ፤ አይ የተማረ ሰው!

ሲጨንቀው «ጋሼ፣ በሞቴ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አላቸው። ሙሽራ አብሮ መሄዱ ወግ ባይሆንም፣ ማሪቢርኖንግ ሰፈር እማማ ኻንዳ ቤት ሁለቱም ሄዱ። ጋሼ «እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም» ብለው ቆሙ። ቱያና ትተረጉማለች። አሮጊቷ መጀመሪያ ልጁ ይናገር አሉ።

«መክብብ ሃይን ሁን» አለ፣ ላብ አጥምቆት።

እማማ ኻንዳ ወደ ፍሪጁ እያመለከቱ «ወተትማ ሞልቶናል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። የመክብብ ዓይን እንባ አቀረረ። ይሄኔ የጋሼ ደም ፈላ።

«ኧረ እትዬ! ኸልቡ ነው እኮ የሚወዳት! ኸዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

መክብብ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ጋሼ ግን አመለጠችኝ ብለው አንገታቸውን ደፉ። አሮጊቷ ብድግ ብለው ተጠጉና ወደ ጉሮሯቸው እያመለከቱ «ኸ?» አሉ።

«ኸ» አሉ ጋሼ፣ በሃፍረት።

«ሃይን ኹን!» አሉ አሮጊቷ።

«መክብብ ሃይን ኹን» አሉ ጋሼ፣ ቁልጭ አድርገው።

እማማ ኻንዳ አጨበጨቡ! ወተት በጎድጓዳ ሳህን ቀድተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸውና «ይቀመጡ» አሉ። «ሽማግሌው አልፈዋል፤ ልጁ ግን ይቀረዋል። ያቺን ድምፅ ከእርስዎ ተምሮ ሲመጣ እመርቃለሁ» ሲሉም በቱያና አስተረጎሙ። ጋሼ ወተቱን ጠጡ። በአርባ ዓመት ውስጥ በ«ኸ» የተከበሩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስታውን መደበቅ አቃታቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መክብብ ደብተር ይዞ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር ሄዶ የጋሼን በር አንኳኳ።

«ከየት እንጀምር ጋሼ?»

ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገው «ምን አልክ? አልሰማሁም» አሉ።

መክብብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኸየት እንጀምር?»

«ግባ» አሉ።