አራት ቀን ዜሮ ላይ

ሥራዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጠረጴዛ አለኝ፣ ሁለት ወንበር አለኝ፣ ላፕቶፕ አለኝ። ሶኬት ግን የለኝም። ስለዚህ ባትሪዬ ካለቀ ቀኔም አለቀ ማለት ነው። ባለጉዳዩ ሁሉ ብድግ ብሎ ማዶ ወዳለው ባለ መነጽር ጸሐፊ ይሄዳል። እሱ ደግሞ «አቤቱታ» የምትለዋን አንዲት ቃል ሦስት ቦታ የሚገድፍ ሰው ነው።

ላፕቶፑን ስገዛ ኮምፒውተር ጠጋኙ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ የዚህ ባትሪ ከውስጥ የተገጠመ ነው፤ እንደ ድሮው ላጥ አድርገሽ ሌላ አትከቺበትም። ከሃያ በመቶ በታች አታውርጂው፣ ከሰማንያ አታሳልፊው፣ ሙቀት አታሳዪው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ከቆየልሽ እድለኛ ነሽ።» ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር። እኔ ቃል በቃል ይዤ አራት ዓመት አኖርኩት። የስክሪኑን ብርሃን ከመቀነሴ የተነሳ ባለጉዳዮቼ «በርቷል እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ክዳኑን የምከፍተው ጉዳያቸውን ተናግረው ሲጨርሱ ነው። ከአያቱ የሚጀምር ሲመጣብኝ «አባባ፣ አያትዎን ነፍሳቸውን ይማር፤ አጥሩን ማን አፈረሰው?» እላለሁ። ቤት ቻርጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰማንያ ሲገባ ፀጉሬን እየታጠብኩም ቢሆን ከነአረፋዬ ሮጬ እነቅለዋለሁ።

ባለቤቴ በያጅ ነው። ብረት ሲያቀልጥ የሚውል ሰው ስለ ሙቀት ምን ይገባዋል? እህቴ ወልዳ አራት ቀን እሷ ጋ ስሰነብት ላፕቶፑን ቤት ትቼ፣ «እንዳትነካው!» ብዬው ሄድኩ። እሱ ሆዬ የወጣሁ ዕለት ከሰዓት አልጋው ላይ፣ ያውም ብርድ ልብስ ላይ ጎልቶ ኳስ አየበት። ዜሮ ገባና ጠፋ። እሺ ይጥፋ! ሰክቶ መሙላት ማንን ገደለ? ግን መንካቱ እንዳይታወቅበት ቦርሳው ውስጥ መልሶ ከተተው። አራት ቀን ሙሉ ዜሮ ላይ! ጠጋኙ ጋ ስወስደው «ባዶውን አክርማችሁታል፣ ተጎድቷል» አለኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ይሠራልኝ የነበረው አሁን ሁለት ሰዓት አይሞላም።

እኔ ተናጋሪ ነኝ፣ አልክድም። ስቆጣ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። የዚያን ቀን ግን አንጀቴ ቅጥል ከማለቱ የተነሳ ቃል አጣሁለት። ዝም አልኩት። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ከአፌ ግን ትንፍሽ የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ይቅርታ ሲለኝ እንዳልሰማ አለፍኩት። ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያወራ ሰማሁትና ትንሽ አዘንኩለት፤ ግን አላሳየሁትም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ ቀና ስል ሰልፉ መሃል ተራ ይዞ ቆሟል። ከኋላው የውርስ ጉዳይ ያላቸው አንዲት እማማ አሉ። ተራው ሲደርስ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ማመልከቻ ላጽፍ ነው» አለኝ። «ለባለጉዳይ ትናገሪያለሽ አይደል?»

ወይ ጉድ! ምን ልበል? ሰልፉ ሁሉ አፍጥጦ እያየኝ ባለጉዳይ ልመልስ?

«ስምዎ?» አልኩት።

«ስሜ ጠፋሽ?»

«አመልካች ስማቸውን ለመናገር ፈቃደኛ አይደሉም። ተጠሪዋስ ማን ናቸው?»

«ሚስቴ።»

እማማ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«ጉዳይዎን ባጭሩ ያስረዱ» አልኩ። «ባትሪ የለኝም። ለምን እንደሌለኝ የሚያውቅ ያውቀዋል።»

«ባትሪ ገደልኩ» አለ። «መግደሌ ሳያንስ ደበቅኩት።»

«የት ደበቅከው ልጄ?» ብለው እማማ ጣልቃ ገቡ።

«ቦርሳው ውስጥ፣ እማማ።»

«አራት ቀን!» አልኩ ሳላስበው።

«ኧረ በፈጣሪ፣ ለባትሪ ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ከኋላ አንዱ። «እኔ ሰው የሞተ መስሎኝ!»

«ሰው ቢሆንማ እስካሁን ታርቀን ነበር» አለ ባለቤቴ።

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ሃያ ስምንት ይላል። «አመልካች ጥፋታቸውን ሙሉ በሙሉ አምነዋል» ብዬ ጻፍኩና «የሚጠይቁት ዳኝነት?» አልኩት። ማመልከቻ ሁሉ ማሰሪያው እሱ ነው። ሰው የፈለገውን ያህል ቢዘበዝብ፣ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ካልተጻፈ ዳኛ ዞር ብሎ አያየውም። መቼም «ይቅር ትበለኝ» ማለቱ አይቀርም ብዬ፣ «ውድቅ ሆኗል» ልለው ምላሴን አሹዬ ተቀምጫለሁ።

እሱ ግን ቆቡን አውልቆ ያሻሸው ጀመር።

«ሃያ አራት ገብቷል፣ ይፍጠኑ።»

«እንድትቆጣኝ» አለ።

«ምን?»

«እንደ ድሮዋ እንድትቆጣኝ ነው የምጠይቀው። ይቅር የምትለኝ ሲበርድላት ይሁን፣ አላስቸኩላትም። ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። ድሮ እጄን ሳልታጠብ ስቀመጥ ትጮህብኝ ነበር፣ በሩን ሳላንጓጓ ብዘጋ እንኳ ትጮህብኝ ነበር። ባለፈው፣ ምናልባት ዛሬ ትናገረኝ እንደሆነ ብዬ ሆን ብዬ በጭቃ ጫማዬ ምንጣፉ ላይ ወጣሁ። ዝም ብላ ወለወለችው። የዚያን ቀን ፈራሁ። ዳግመኛ የማትናገረኝ መሰለኝ።»

እማማ መሐረባቸውን አወጡ።

ልጽፈው ሞከርኩ። «ተጠሪ የመቆጣት ግዴታቸውን እንዲወጡ…» ስል ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ ተደበላለቁብኝ። እኔ እኮ ዝም ስለው እፎይ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቱ እፎይ ብሎ የለ! አሥራ አንድ ዓመት ጩኸቴን የሚችልልኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሲቀርበት የሚናፍቀው አልመሰለኝም። አሳዘነኝ፤ በራሴም አፈርኩ።

ብድግ አልኩ።

«አንተ!» አልኩት። «ሆን ብለህ ነው? በጭቃ ጫማ ምንጣፌ ላይ የወጣኸው ሆን ብለህ ነው? እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ስወለውል ቆመህ ታየኛለህ? ያን የመሰለ ባትሪ ዜሮ አስገብተህ፣ አፍህን ዘግተህ ቦርሳ ውስጥ ትቀብርልኛለህ? አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ትሆን ነበር? ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ቆልፈህ ነው ፍርድ ቤት የምትመጣው? ሰው ምን ይለኛል?»

የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ ወጣ። እማማ «እሰይ! እሰይ ልጄ!» ይላሉ።

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ይሰማኛል።

«ቀጥዪ» አለ።

«እቀጥላለኋ! ይሄ መጀመሪያው ነው፤ የሦስት ሳምንት አለብህ» አልኩት፣ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታሁ መልሼ በትክክል እየቆለፍኩለት።