የወህኒው ልዑል ጨዋታ

እና ቤቱን እንኳ አልፈተሹም፣ ባለጎተራውን አያ ክንዱን አንድ ቃል አልጠየቁትም፣ ከደምቢያ፣ ከኮላ ድባ የመጣው ሰው ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ፣ ከመኪናው ወርደው በቀጥታ ወደ ጎተራው፣ ክዳኑን አንስተው ውጣ ሷሊሕ፣ በስሙ፣ ማን ነገራቸው ትላለች እማዬ ሳምንቱን ሙሉ፣ ማን ነገራቸው፣ እኔም እንደሷ ማን እላለሁ፣ ወንድሜ ከአፈሳ ሸሽቶ ጎተራ ውስጥ መደበቁን የምናውቀው እኔ፣ እሷ፣ አያ ክንዱ። ሌላ ሰው የለም።

የለም?

አሁን ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጫለሁ፣ መለሰ ከኋላዬ ቆሟል፣ ዙቢ ጨዋታዬ ላይ አዲስ ክፍል ጨምሬበታለሁ ነይ ሞክሪው ብሎ ጠርቶኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ ኮምፒዩተር፣ ቡልጋሪያ ተምሮ መጥቶ እሱ ነው የሚያዝበት፣ አራዳው መለሰ፣ የምሳ ሰዓት ነው፣ ሰው የለም፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል፣ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ ሥዕል የለው ድምፅ የለው፣ ቪዲዮ ጌም የምትለው ይሄን ነው ብዬ የሳቅኩበት፣ ጌም ደግሞ መቼ ተረት ሆኖ ያውቃል ያልኩት፣ ተረት ተረተኛ ይፈልጋል፣ እሱ ግን ምነው ዙቢ፣ ተረት ላይ ሰሚው ምን ሥራ አለው፣ የላም በረት ብሎ ቁጭ ነው፣ ጌም ግን አንተስ ብትሆን ይለዋል፣ ታሪኩን ከሰሚው ሆድ ነው የሚያወጣው። ከሰሚው ሆድ። በገዛ አፉ፣ እየሳቀ።

ደግሞ እውነቱን ነው፣ ባለፈው ሳምንት ያሸነፈኝም በዚያ ነው፣ አንድ ልዑል ከወህኒ አምባ አመለጠ፣ የንጉሡ ጭፍሮች ይፈልጉታል፣ ወንድምሽ ነው፣ የት ትደብቂዋለሽ። ወንድምሽ ነው ሲለኝ ደነገጥኩ፣ የትኛውም ተረተኛ እንዲህ ይዞኝ አያውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ብዬ ጻፍኩ፣ ተያዘ፣ ዋሻ አልኩ፣ ተያዘ፣ በእኔ ጥፋት ሲያዝ አላስችል አለኝ፣ ታይፒስት ነኝ፣ ጣቶቼ ከሐሳቤ ይቀድማሉ፣ ጎተራ። የማን ጎተራ? የአባቴ የእህል ደንበኛ። በየት በኩል? ደምቢያ። ብልህ ነሽ፣ ልዑሉ ዳነ። አጨበጨብኩ እኮ፣ እንደ ልጅ። በማግስቱ ሷሊሕን ወሰዱት።

መለሰ። እማዬ በዒድ ለሱ ብላ በክርስቲያን እጅ ለብቻ ዶሮ የምታሳርድለት መለሰ፣ ከሷሊሕ ጋር ቀሐ ወንዝ ሲንቦጫረቅ ያደገው፣ አስፈራርተውት ይሆን፣ ቢያስፈራሩትስ፣ መጥቶ ዙቢ እንዲህ ብለውኛል ማለት አቃተው፣ ጥያቄ ከጥያቄ እየቀጠለ፣ የት ላይ ልቤ እንደሚራራ እያወቀ፣ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ወጥመድ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፣ ይሄኛው እያሳቀ ጣለኝ፣ በዱላ ቢጠይቁኝ አልናገርም ነበር፣ ወላሂ አልናገርም ነበር፣ በጨዋታ ጠየቀኝ። ተከዳሁ። ወንድሜን በእኔ ጣት አስያዘው፣ ልጮህ ነው፣ ተነስቼ ፊቱን ልቧጭረው ነው።

አንብቢው እንጂ፣ ይላል።

አነባለሁ። ልዑሉ በመንገድ ላይ ከጠባቂዎቹ እጅ አመለጠ። እግሩ ቆስሏል። አሁን ወደ ማን ይሄዳል?

አመለጠ።

ቆይ። ቆዪ ዙበይዳ፣ የት እንዳለ ቢያውቁ ለምን ይጠይቁኛል፣ የሚጠይቀኝ ስለጠፋቸው ነው፣ አምልጧል፣ ሷሊሕ አምልጧል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፊትሽን፣ ፊትሽን ያዢ፣ መስታወቱ ላይ የመለሰ ጥላ አለ፣ ያየኛል፣ እግሩ ቆስሏል፣ የትኛው እግሩ፣ በጥይት ነው ወይስ ሲዘል፣ እማዬ እህል ከቀመሰች ስንት ቀኗ፣ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ደጅ ጠንታ ያልተነገራትን ይሄ ጌም ነገረኝ፣ ለካ ተረት ነው፣ እንዴታ ተረት ነው፣ የሰሚውን ሆድ ብቻ አይደለም፣ የተራኪውንም ይዘረግፋል፣ እሱ ይሄን አላሰበውም፣ ቡልጋሪያ ይሄን አላስተማሩትም።

ወደ ማን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከልጅነቱ ሲፈራ የሚሮጥበት አንድ ቤት አለ፣ በሩ፣ አይ፣ ተይው፣ አታስቢው፣ እዚሁ ጭንቅላቴ ውስጥ እንኳ ስሙን አልጠራውም፣ ጣቶቼ ይሰሙኛል።

ጣና ብዬ እጽፋለሁ። በታንኳ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ያሻግረዋል።

ጣና፣ ይላል መለሰ፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ደርሷል፣ እርግጠኛ ነሽ ዙቢ? ለጨዋታ ብሎ ሰው እርግጠኛ ነሽ ይላል? እዞራለሁ፣ ዓይኑን አየዋለሁ፣ ያው የድሮው ዓይን ነው፣ ምንም አልተለወጠም፣ ይሄ ነው የሚያመኝ፣ በሐሰት አትማዪ ብላ ነው እማዬ ያሳደገችኝ፣ እስከ ዛሬ አልማልኩም፣ ፈገግ እላለሁ።

ወላሂ፣ እለዋለሁ።