ጉድለቱን ያወቅንበት ቀን

የምንሸጠውን ነገር መሠረቱን እኛ አልሠራነውም። ወንድሜ ይህን ለደንበኛ ሲያስረዳ ይንተባተባል፤ ምን እንደሚያሳፍረው ግን ገብቶኝ አያውቅም። መሠረቱ ዳታቤዝ፣ ማለት መዝገብ የሚያኖር ፕሮግራም ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ከያሉበት ሆነው የሠሩት፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ኮዱን ከፍቶ የሚያነበው፣ ካወቀም የሚያርመው። እኛ በላዩ ላይ ባክአፕ፣ ማለት የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝና ሲበላሽ መልሶ የሚያስነሣ ፕሮግራም ሠርተን በዓመታዊ ክፍያ እንሸጣለን። ማንም አይከለክለንም። ሰባት ሆነን፣ ከጎማ መሸጫ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ፣ የጎማ ሽታ እየማግን የምንኖረው በዚሁ ነው።

ድርጅቱ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ኮዱን የምጽፈው እኔ እኅቱ። ደህና ስንሆን «ጋሼ» እለዋለሁ፣ ስናደድ «አለቃ»። በዚያ ዓመት «አለቃ» ያልኩበት ቀን ይበዛል።

ጉድለቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። መብራት በድንገት ጠፍቶ ዳታቤዙ ከባክአፕ ሲነሣ፣ ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ የተመዘገበው ነገር አንዳንዴ ሳይመለስ ይቀራል። የሚያስጠላው ደግሞ ዝምታው ነው፤ «አልቻልኩም» አይልም፣ «ተጠናቋል» ብሎ ያርፈዋል። ሁለት ሳምንት ከታገልኩት በኋላ በአሥራ አንድ መስመር አስተካከልኩት። በእኛ ሙያ ደንብ አለ፤ ጉድለት ያገኘ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ለሚያነበው የጋራ መድረክ ይጽፋል፤ እንዴት እንዳገኘው፣ መቼ እንዳገኘው፣ እንዴት እንዳረመው። ከዚያ የማያውቋችሁ ሰዎች ሳምንት ሙሉ ኮዳችሁን ያብጠለጥሉታል፣ በመጨረሻም ይቀበሉታል። የተነጫነጩባችሁ መጠን ነው ክብራችሁ።

ደብዳቤውን ጽፌ ለወንድሜ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ይሄን በነጻ ከሰጠናቸው ነገ ምን ልንሸጥ ነው?» አለኝ።

አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርን። እሱ ስለ ሰባት ሰው ደመወዝ አወራ፣ እኔ ስለ ደንቡ። አስገደደኝ ብል ውሸት ነው። የደከመኝ መስዬ ዝም አልኩ፤ ውስጤ ግን ያገኘሁት ነገር ለእኛ ብቻ መሆኑ ደስ ብሎት ነበር። ማስተካከያውን በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ ከተትነው። «አፈ ቅቤ» የምንለው የሽያጭ ሠራተኛችን ከዚያ ቀን ጀምሮ «እኛ ጋ አንድ መዝገብ አይጠፋም» እያለ ከተማውን አዳረሰ። አልዋሸም። ከእኛ ውጭ ያለው ሰው ለምን እንደሚጠፋበት ነው ያልተናገረው።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት የጋራ መድረኩ ላይ ከአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ የተጻፈ መልእክት አየሁ። «እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ መዝጋቢ ነኝ» ይላል። «መብራት ከጠፋ በኋላ የስድስት ቀን የክትባት መዝገብ ጠፍቶብኛል። መመሪያውን አንድም ሳልዘል ተከትያለሁ፤ ተጠናቋል ብሎኛል። አለቆቼ በቸልተኝነት አጥፍተሃል ብለው ከሥራ አግደውኛል። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ንገሩኝ፣ እቀበላለሁ።»

ያችን የመጨረሻ መስመር ሳነብ ፊቴ ጋለ። መድረኩ ላይ ያሉት ደጋግ ሰዎች የማሽኑን ዓይነት፣ የዲስኩን ዕድሜ ይጠይቁታል፤ ሰውየው ለእያንዳንዱ በትሕትና ይመልሳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል የምሰማው ሌሎች ሲያደርጉት ነበር። እምዬን ደግሞ አሁን በስም ባላውቀውም ከጻፈው መልእክት ያወቅሁት ያህል ተሰማኝ።

ወንድሜ ጋ ገባሁና ዛሬውኑ እልከዋለሁ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ላኪው» አለ፤ እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ስለነበር አፌ ክፍት ቀረ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያገኘሽበትን ቀን የዛሬ አድርጊው፣ ማንንም አይጎዳም አለኝ። እውነትም ማንን ይጎዳል ብዬ የዛሬ አደረግሁት።

በሁለተኛው ቀን ማስተካከያው ተቀባይነት አገኘ። የሌሎችን ኮድ ስትመረምር ዓመታት ያሳለፈች አንዲት ሴት፣ ማንንም አመስግና የማታውቅ፣ ፍጥነቴን አደነቀች። መዝጋቢውም ጻፈልኝ፤ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ መረቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ከምርቃቱ በታች አንድ ጥያቄ ነበረው። አለቆቹ፣ በዚህ ሳምንት የተገኘ ጉድለት ያኔ ስለመኖሩ ምን ማስረጃ አለህ ብለውታል። ኮድ አያነቡም፤ የሚያምኑት ቀንና ማኅተም ነው። መዝገቡ ከጠፋበት ቀን በፊት ጉድለቱን የሚያውቅ ሰው ካለ በወረቀት እንዲመሰክርለት፣ ያለዚያ በወሩ መጨረሻ እንደሚሰናበት ገልጿል። «እርስዎ ባለሙያዎቹን ስለሚያውቁ ይጠይቁልኝ» ብሎ ጨረሰ።

ማንን ልጠይቅ? አራት መስመር ጻፍኩ፤ ጉድለቱን ያገኘነው መቼ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው የኮዴ ቅጂ የተቀመጠበትን ቀን፣ አውቀን ዝም ማለታችንን፣ መድረኩ ላይ ያሰፈርኩት ቀን ሐሰት መሆኑን። ማኅተሙ ያለው ወንድሜ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ከወጣ ሰዎቹ ዳግመኛ ደብዳቤያችንን አይከፍቱም» አለ። «ደንበኞቹም ይሸሻሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ የሚመሰክር ይጠፋል?»

«ከእኛ ቢሮ ውጭ ያወቀ የለም። ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እቀበላለሁ ነው ያለው። እኛ የእኛ መሆኑን እያወቅን ነው የተቀመጥነው።»

በመስኮቱ ከታች ጎማ የሚያንከባልሉትን ሰዎች አየ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበ። ማኅተሙን ሲያሳርፈው ፊደሉ አልወጣም፤ ደግሞ መምታት ነበረበት።

ወረቀቱን ለመዝጋቢው ላክሁ፣ ቅጂውን ራሴ መድረኩ ላይ አወጣሁት። የደረሰብንን አልዘረዝርም። ያቺ መርማሪ «ፍጥነትሽን አድንቄ ነበር» ብላ ጻፈች፣ ሌላ ቃል የለም። ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ውላቸውን አላደሱም። አፈ ቅቤ ሌላ ድርጅት ገባ፤ እዚያም ስለ እኛ በጣፈጠ አንደበት ያወራል አሉ። ወንድሜ ለሦስት ሳምንት ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገረኝም። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። አፈርኩ፣ ከፈልኩ፣ አለቀ ብዬ አስቤ ነበር።

ከወር በኋላ መዝጋቢው ጻፈ። ወደ ሥራው ተመልሷል። በዚያ ስድስት ቀን የተከተቡት ሕፃናት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መሆናቸውን ከባዶ ጠርሙሶቹ ቆጥሮ ደርሶበታል፤ ካርዳቸውን ለማየት ቤት ለቤት እየዞረ በእጁ ሲመዘግብ ከርሟል። አርባ ሦስቱን አላገኘም። ለሥራ ወቅት መጥተው የሄዱ ሰዎች ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። የሁለተኛው ዙር ጊዜ እየደረሰ ነው፤ እናቶቹ ስልክ ተደውሎ እንደሚጠሩ ነበር የተነገራቸው፣ ስልክ ቁጥራቸው ደግሞ የተጻፈው መዝገቡ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ በጠፋው መዝገብ ቦታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌላ ነገር ተጽፏል። በእርስዎ በኩል ቁጥሮቹ የሚገኙበት መንገድ ይኖር ይሆን ሲል ጠየቀኝ።

ሁለት ቀን ሞከርኩ። ከዚያ ረጅም መልስ ጀመርኩ፤ ስለ ዲስክ፣ ስለ ባክአፕ፣ ስለ ጸጸቴም ጭምር። አንብቤው ሁሉንም አጠፋሁና «የለም» ብዬ ላክሁለት።