ወደ ሲሬ የሚመልሰው ዳገት

ሰንሰለቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወልቅ ተካ ከብስክሌቱ ወርዶ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለ። ጣቶቹ በግራሶ ጠቁረዋል። ጎህ ሲቀድ አብረውት ከነቀምቴ የተነሡት ነጂዎች ገና ሲሬ ከተማ ሳይደርስ ጥለውት ሄደዋል። አምቦ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው የታሰበው። እሱ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው የስፖርት አስተማሪ ነው፤ መቼም ለተማሪ ሩጥ ማለትና ራስ መሮጥ አንድ አይደለም።

ከናቴራው ላይ የባለቤቱ የሸዋገነት ፎቶ ታትሟል። የጉሮሮ ካንሰር ከወሰዳት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። በዚህ ጉዞ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሽታው ከምን እንደሚመጣ ለሚያጠኑ ሐኪሞች የሚሰጥ ነው እንጂ ለማንም ታማሚ መድኃኒት የሚገዛ አይደለም። አንድ የነቀምቴ ነጋዴ ደግሞ ተካ ወደ አምቦ ለሚነዳው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሃምሳ ብር ሊጨምር ቃል ገብቷል። ስለዚህ ሰንሰለቱን መልሶ ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

ሲሬ ሲደርስ የገበያ ቀን ነበር። ጓደኛው ጂሬኛ ውሃ፣ መለዋወጫና የመዋጮ ሣጥን በጫነች ፒክአፕ ይከተለዋል፤ ጣሪያዋ ላይ በታሰረው ድምፅ ማጉያም በኦሮምኛና በአማርኛ ስለ ምርምሩ ያስረዳል። የገበያ ሰው ግን ድምፅ ማጉያና ፎቶ አንድ ላይ ካየ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የታመመ አለ፣ ማሳከሚያ አጥቷል። ጥያቄ አያበዛም፣ መቀነቱን ይፈታል። እየመረቁ አሥርም ሃምሳም ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩ። ተካ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሰዎች ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር፤ ኋላ ደከመውና ዝም አለ።

አዴ አያንቱ የሚባሉ፣ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው የሚሸጡ እናት ተጠግተው ፎቶውን በጣታቸው ነኩት።

"ይቺ ማናት፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?"

"ባለቤቴ ናት፣ አዴ።"

"ምኗን ነው ያመማት?"

"ጉሮሮዋን። ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷት ነበር።"

አሮጊቷ እጃቸውን ቶሎ መለሱ። "አሁንስ ፈያዳ?"

ተካ የውሃ ፕላስቲኩን ከአፉ እያወረደ ነበር። በዚያ አገር ፈያዳ፣ ደህና ናት ወይ ብሎ ለጠየቀ መልሱ ደህና ናት ነው። ቤት ቢቃጠልም መጀመሪያ ደህና ነን ይባላል፤ ሌላው ቁጭ ተብሎ ነው የሚወራው። መቀመጫ አልነበረም፤ ደክሞታልም። አፉ የለመደውን አለ።

"ፈያዳ፣ ዋቃ ይመስገን።"

አዴ አያንቱ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። የቅቤያቸውን ገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ። ተካ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጂሬኛ ደረሰበትና በመስኮት አንገቱን አወጣ። ያቺ ቅቤ ሻጭ ሴትዮ ልጅ እንዳላት ነገረው። ሌንሳ ትባላለች፣ ሕመሟም ያው ነው። ሪፈር ተጽፎላት ማክሰኞ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነበር፤ በሬ ሊሸጡ።

"አሁን ግን ቀርተዋል" አለ ጂሬኛ። "የእናንተ ሴት ከዳነች መድኃኒቱ አለ ማለት ነው፣ እሱን እንጠብቃለን አሉኝ።"

ተካ ፍሬን ያዘ። "ዝም አልካቸው?"

"ምን ልበላቸው? ደህና ናት ያልካቸው አንተ ነህ። እኔ በሰው ፊት ውሸታም ላድርግህ?"

"ተመልሼ እነግራቸዋለሁ።"

"አብደሃል? ፊት ያሉት ነጂዎች ውሃ አልቆባቸዋል፣ እኔ ልመልስህ አልችልም። ወደ ኋላ የነዳኸውን ደግሞ ነጋዴው አይቆጥርልህም። ሲሬ የማውቀው ሰው አለ፣ ደውዬ ላስነግራቸው።"

"መርዶ በስልክ ይነገራል?"

ጂሬኛ ከመኪናው አንድ ውሃ አውጥቶ ሰጠውና ሌሎቹን ሊከተል ሄደ።

ተካ ወደ ሲሬ ዞሮ ትንሽ ነዳና እግሩ እምቢ ሲለው ወርዶ መግፋት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሸዋገነት ሞታለች የሚለውን ቃል ራሱ ተናግሮት አያውቅም። ያኔ ለዘመዶቿ መርዶውን የነገሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሁሉ ሰምቶ የመጣ ነበር። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ሊሞክረው አስቦ ትንፋሽ አጠረው።

ገበያው ሊበተን ሲል ደረሰ። አዴ አያንቱ ቅርጫታቸውን እያሰሩ ነበር።

"ምነው፣ መንገዱ ጠፋህ እንዴ?" ብለው ሳቁ። አጠገባቸው ያሉትም ሴቶች ሳቁ።

ተካ አፉን ከፈተ። ሴቶቹ ሁሉ እሱን ያያሉ። መርዶ ገበያ መሃል አይነገርም፤ ይሄኛው ደግሞ የሚነገረው ለሁለት ሰው፣ ለእናትና ለልጅ ነው።

"ቤትዎ ሩቅ ነው፣ አዴ?"

"ከወንዙ ማዶ ነው። ለምን?"

"ሌንሳን ልያት ብዬ ነው። ስለ ማክሰኞው መንገድ የማወራችሁ አለኝ። ስለ ሸዋገነትም።"

አሮጊቷ ፊቱን ትክ ብለው አዩት፤ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ቅርጫታቸውን ብድግ አድርገው ተነሡ። ተካ ቅርጫቱን ተቀብሎ ብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አመቻቸው፤ በአንድ እጁ ደግፎ ከአስፋልቱ ወረደና ወደ ወንዙ በሚወስደው የእግር መንገድ ተከተላቸው።