ጣሪያ ላይ የወጣው ካርታ

ሽቦ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ቅጥነቱን አይተው ነው ይላሉ፤ እሱ ግን መብረቅ በአናቱ ገብቶ በእግሩ ስለወጣ ነው ባይ ነው። መብረቁ እንዲያውም ሲወጣ «ይቅርታ፣ ሰው መኖሩን አላወቅኩም» ብሎታል። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ በዩኒቨርሲቲው የኮሙኒኬሽን ምህንድስና ክፍል አንቴና ሲሰቅልና ሲያወርድ ሃያ ዓመት ኖሯል።

የእህቱ ልጅ እዚያው ለሁለተኛ ዲግሪዋ ታጠናለች። ጥናቷ የከተማው ኔትወርክ የት እንደሚጠነክርና የት እንደሚጠፋ በካርታ ማሳየት ነው። ሃያ ትንንሽ ሳጥኖች ሠርታ ለሃያ ሰዎች አደለች። ሳጥኑ ያለበትን ቦታና የኔትወርኩን ጉልበት ከመቶ እየለካ ራሱ ይመዘግባል፤ ከሰው የሚጠበቀው ይዞት ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው። ማን ሊል። የዳቦ ጋጋሪው ሳጥን ሁለት ሳምንት ሙሉ የመሳቢያ ኔትወርክ ሲለካ ከረመ።

«ካርታዬ ራሰ በራ ሆነ እኮ፣ አጎቴ» አለችው። «የቀረኝ አሥር ቀን ነው። ፈታኞቹ ፊት ባዶ ወረቀት ይዤ ከቀረብኩ አንድ ዓመት መድገሜ ነው።»

ከኮሪደሩ ማዶ የሥነ ልቦናው መምህር ቢሮ አለ። ሰውን ለሥራ ምን እንደሚያነሳሳው ሰባት ዓመት ያጠና፣ ጥናቱን ለመጨረስ ግን እስካሁን ያልተነሳሳ ሰው ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማ።

«ምን ሰጠሻቸው?»

«እስክሪብቶና የምስጋና ደብዳቤ።»

«ሰው በእስክሪብቶ አይነሳም። ለምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ሌላው የሠራውን ሲያይም ይበረታል» አለና ሠላሳ ገጽ ማስረጃ ሊያመጣ ገባ።

ሽቦ የፊተኛውን ምክር ጥሎ የኋለኛውን አንጠልጥሎ፣ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ ከነፈ።

«ፀጉር ቆራጩ ዘጠና አንድ አስመዘገበ አሉ» አለው ጋጋሪውን።

«የት ሄዶ?»

«እኔ ምን አውቄ። ኔትወርኩ ራሱ እንደ ቡችላ ይከተለዋል ነው የሚባለው።»

ጋጋሪው እጁን ከዱቄቱ አራገፈና መሳቢያውን ከፈተ። ሽቦ መንገዱን ተሻግሮ ለፀጉር ቆራጩ «ጋጋሪው ዘጠና አራት ገባ» አለው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው። እስኪመሽ ሃያውንም አዳረሰ።

በማግስቱ ከተማው ሌላ ሆነ። ፀጉር ቆራጩ የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ ግማሹን ለከሰዓት አቆየው። ጉልበቴን እያሉ የሚያማርሩት ጡረተኛዋ አዋላጅ አምስት ፎቅ በደረጃ ወጡ። ሽቦ በደስታ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

በስድስተኛው ቀን የእህቱ ልጅ ቁጥሮቹን ሰብስባ ካርታውን ከፈተች። ካርታውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሽቦን አየችው።

«አጎቴ፣ በዚህ ከተማ ሰው የሚኖረው ጣሪያ ላይ ነው እንዴ?»

ካርታው ላይ የነበረው ሁሉ ጣሪያ፣ የውሃ ታንከርና ኮረብታ ነው። ከሰማንያ በታች አንድም ቁጥር የለም። ኔትወርክ የሚጠፋበትን ስትፈልግ፣ ሳጥኑን ከፍታ ላይ ብቻ እያበሩ የሚያምርበትን አምጥተውላታል።

«እኔ ነኝ» አለ ሽቦ። «አንዱን ባንዱ ላይ አስነሳሁት፤ ትልቅ ቁጥር ያመጣ ይበልጣል መሰላቸው።»

«እና አሁን በአራት ቀን?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ እሱ ባጠፋው ልጅቷ ልትቀጣ ነው። ተነስቶ ዳቦ ቤት ሄደ። ፀጉር ቆራጩም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ዋሽቼአችኋለሁ። ዘጠና አንድም ዘጠና አራትም የለም።»

«እናውቃለን» አለ ጋጋሪው። «የሱ ሳጥን ፎጣ ሥር ተኝቶ እንደነበር ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«አንተን አምነን ነው እንዴ ታንከር ላይ የወጣነው?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ታዲያ ለምን ወጣችሁ?»

«አብረን ወጣን። ከላይ ሲያዩት ከተማው ደስ ይላል።»

ሽቦ የሚቀጥለውን ሲናገር አንድም ቃል አልጨመረበትም። ጥናቱ ለምን እንደሆነ፣ ኔትወርክ የማይገባበት ቤት ካልታወቀ አንቴና የት እንደሚተከል እንደማይታወቅ፣ ልጅቷም ዓመት ልትደግም እንደሆነ ነገራቸው።

ዳቦ ሊገዙ የገቡት አዋላጅ ቆመው ሰሙት። «ይህንን ያኔ ብትሉን ምን ነበረበት? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ምጥ ሲይዛት ባሏ ስልኩን ይዞ ግቢውን ሲዞር አነጋ። እኔ ጋ የደረሰው በእግሩ ሮጦ ነው። ስልክ የማይጠራበትን ቤት በሙሉ አውቀዋለሁ። ተነሱ እናንተ።»

ተነሱ። አዋላጅዋ ከፊት፣ ሳጥን የያዙት ሁሉ ከኋላ፤ በጓሮ፣ በምድር ቤት፣ በጠባብ መንገድ ሦስት ቀን ዞሩ። አሥራ ሁለት፣ ሰባት፣ ሦስት የሚሉ ቁጥሮች እየገቡ ካርታው ሞላ።

በፈተናው ቀን አንዱ ፈታኝ «ይህ ሁሉ ጣሪያ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ የሆነውን አንድ በአንድ አስረዳች። ፈታኞቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ «ሦስት» የሚለውን ቁጥር አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። አለፈች።

የሥነ ልቦናው መምህር ይህን ጊዜ ሠላሳውን ገጽ ይዞ ከቢሮው ወጣ።

ሽቦ ወደ እህቱ ደወለ።

«ልጅሽ አለፈች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ፈታኞቹ ተነስተው ጨበጧት።»

«አሁንስ አበዛኸው» አለች እህቱ። «በል ልጄን አቅርብልኝ።»