ፍጥሞ ላይ ሆስፒታል የለም

ከወር በፊት እናኑን የግሪክ ደሴት ጥሪ ቢሏት አንድም አትጠራም ነበር። ዛሬ የሃያውን ስም፣ የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለው፣ የትኛው በጀልባ ብቻ እንደሚደረስ፣ ከየትኛው ሆቴል እስከ የትኛው ሆስፒታል በር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በቃሏ ትወጣዋለች። ይህን ሁሉ ያጠናችው ላቨርተን ኖርዝ የሚባል ሰፈር በምትሠራበት የምግብ መጋዘን ውስጥ፣ በሻይ ሰዓቷ፣ ካርቶን ተከልላ ነው። ውሽማ ያላት ሴት እንኳ ስልኳን እንደዚያ አትደብቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ ሰንሻይን ዌስት ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ባሏ አዛርያስ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ቤተሰቡን ሰብስቧል። አሥር ዓመት ሙሉ በቫን ዕቃ ሲያደርስለት የኖረው መሥሪያ ቤት ረጅም ፈቃድ ሰጥቶታል። እስከ አቴንስ ያለው ትኬት ተቆርጧል። የቀረው ደሴቱን መምረጥ ብቻ ነው።

"ምን ይመረጣል፣ ፍጥሞ ነው እንጂ" አለ አዛርያስ። "ዮሐንስ ራእይ ያየበት ዋሻ እስከ ዛሬ አለ። ልጆቼን እዚያ በር ላይ አቁሜ እጸልይላቸዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ሆሊደይ አለ?"

"ዘንዶውም አለ?" አለ የስድስት ዓመቱ እዮኤል።

"ዘንዶው ተሸንፏል።"

እዮኤል ቅር አለው። እናኑ ግን ፍጥሞን ከሁሉም አብልጣ ታውቀዋለች። አውሮፕላን አይገባበትም። ከአቴንስ ወደብ በጀልባ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ጤና ጣቢያ አለ፤ ሆስፒታል የለም።

"ጀልባው እኮ ሩቅ ነው አዛሪ" አለች፣ ድምፅዋን እያለሰለሰች። "እዮኤል ያስመልሰዋል። ቀርጤስ ብንሄድስ? አውሮፕላን በቀጥታ ይገባል። የውሃ መጫወቻ አለ። ጳውሎስም አልፎበታል።"

አዛርያስ ሳቀ። "የቀርጤስ ሰው ውሸታም ነው ሲባል አልሰማሽም? ከውሸታሞች ጋር ምን አገናኘን።"

ለቀልድ ነበር ያለው። እናኑ ግን ፊቷ ጋለ፤ ተነስታም ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥር ዓመቷ ዜማ ሰሊጥ አይስማማትም። አይስማማትም ሲባል ሆድ መንፋት እንዳይመስል። ሰባት ዓመቷ ሳለ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ የጓደኛዋ የከነዓን ልደት ላይ አንድ ብስኩት ቀመሰች። ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ጠፋ፣ ጉሮሮዋ እየተዘጋ በእናቷ ክንድ ላይ ዐይኗ ተገለበጠ። አምቡላንስ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰ። እናኑ ያንን አሥራ አንድ ደቂቃ አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ወዲህም ዓለምን የምትለካው በደቂቃ ሆነ። ሐኪሞቹ እንዲህ ሲያደርጋት ጭኗ ላይ የሚወጋ መርፌ ሰጧቸው፤ ኤፒፔን ይሉታል። መርፌዎቹ ማእድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ።

ከዚያ ባለፈው ጥር የቤተ ክርስቲያናቸው ኮንፍረንስ ላይ እንግዳ አገልጋይ መጣ። እጁን ዜማ ጉሮሮ ላይ ጭኖ ጸለየ፤ አዳራሹ ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ እናኑም እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ። ያን ቀን አምና ነበር፣ ይህን ማንም አይንሳት። በሳምንቱ እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ የአምልኮ መሪው ጋሽ አበበ ማይኩን ይዘው መጥተው ፊቷ ቆሙ። "እህት እናኑ፣ እግዚአብሔር ያደረገልሽን ተናገሪ" አሏት። ሦስት መቶ ሰው ዘወር ብሎ አያት። "ልጄ ተፈውሳለች" አለች። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በዚያው ምሽት አዛርያስ መርፌዎቹን ከመሳቢያው አወጣ። "ከእንግዲህ ይኼ በቤታችን አያስፈልግም" ብሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወጣ። እናኑ አሜን አለች። ማግሰኞ ከሥራ ስትመለስ ማንም የማያውቃት ፋርማሲ ገብታ አዲስ ገዛች፤ እቤት የወር አበባዋ ሞዴስ ፓኬት ውስጥ፣ ወንድ እጁን በማይሰድበት ቦታ ደበቀችው። ከዚያ ወዲህ የብስኩት ጀርባ የምታነበው ሽንት ቤት ገብታ ነው። ዜማን ጣፋጭ ስትከለክላት "ለጥርስሽ" ትላታለች። ትምህርት ቤቱ ያስቀመጠውን መርፌ አላስመለሰችም፤ ስለ ፈውሱም ትንፍሽ አላለችም።

ለምን አላስመረመረቻትም? ይህን ራሷን መቶ ጊዜ ጠይቃለች። በእነሱ መካከል የተመሰከረ ነገር አይመረመርም። ምርመራው አልዳነችም ቢል ደግሞ አገልጋዩን የሚጠይቅ የለም፤ "እናቷ ተጠራጥራ ፈውሷን አስነጠቀቻት" ነው የሚባለው። እናኑ የፈራችው ይህን ነበር። ይህን በመፍራቷም ራሷን ትንቃለች።

"እንግዲህ ፍጥሞን ቡክ ላድርግ?" አለ አዛርያስ።

"እንጸልይበት" አለች እናኑ ከማጠቢያው ጋ ሆና።

"ሦስት ሳምንት ጸለይን እኮ። ምንድን ነው የምትፈሪው?"

ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው። ሆስፒታል የለም ማለት ሁለት ቃል ናት፤ ግን ከሁለቱ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ አለባት።

ይህን ጊዜ ዜማ ከታብሌቷ ቀና አለች። እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "እኔ ፍጥሞን ነው የምመርጠው" አለች። "አስተማሪያችን እህት ቅዱሳን የጉዞውን ቪዲዮ አምጪና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እናሳያለን ብላኛለች። ምን እንደማደርግ አስቤዋለሁ።"

"ምን ልታደርጊ?" አለች እናኑ።

"ግሪኮች ቀለበት የሚመስል ዳቦ አላቸው። ዙሪያውን በሙሉ ሰሊጥ ነው። ዋሻው በር ላይ ቆሜ እበላዋለሁ። ባቢ ይቀርጸኛል።"

አዛርያስ ሊጽፍ ያነሳት ጣቱ አየር ላይ ቀረች። እናኑ የባሏን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠረችው። ስምንት ሰዓት በጀልባ፣ ልጇ ዋሻ በር ላይ፣ ሰዉ እያጨበጨበ።

"ዳቦ ለመብላት እዚያ ድረስ ይኬዳል?" አለች። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። "ይልቅ ዋናውን ብትቀረጪ ይሻላል።"

ዜማ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ልጅ ሞኝ አይደለም። "ማሚ፣ አልዳነችም ብለሽ ትፈሪያለሽ?"

"እኔ እንደዚያ አልወጣኝም።"

"አንቺ ነሽኮ የመሰከርሽው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ልታጽናናት የፈለገች ነው የምትመስለው። "ከፈራሽ እስከ ግሪክ አንጠብቅም። አሁን ላሳይሽ።"

ሮጣ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። እናኑ ምን ልታመጣ እንደሆነ ገና ሳታስበው ዜማ ተመለሰች፤ በእጇ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ የተጠቀለለ፣ በማር የተጣበቀ የሰሊጥ ከረሜላ ይዛለች። "ጓደኛዬ ሄርሞን ናት የሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር" አለችና ላስቲኩን ቀደደችው። ሰሊጡ አንድ በአንድ ይታያል።

እናኑ ጠረጴዛውን እንዴት እንደዞረች አታውቅም። የልጇን እጅ በጥፊ መታችው። ከረሜላው ወለል ላይ ተሰባበረ፤ እዮኤል አንድ ቁራጭ ሊያነሳ ሲጎነበስ እሱንም በኮቱ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው። ዜማ ተመትታ አታውቅም። እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

"ቀመስሽው? አፍሽን ክፈቺ። ቀምሰሻል ወይ?"

"አልቀመስኩም።"

እናኑ የልጇን እጅ ሳሙና አስነክታ፣ በሙቅ ውሃ፣ እስከ ክርኗ አጠበችው። ደጋግማ አጠበችው። እያጠበች ተናገረች፤ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ስለነበር ቀለል አላት። "መዳንሽን አላውቅም ዜማ። አላስመረመርኩሽም። ያን ቀን ማይኩ ሲሰጠኝ፣ ሰዉ ሲያየኝ፣ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ተናገርኩ። እውነት ቢሆንልኝ ብዬ ነው። ግን አላውቅም።"

ከኋላዋ ወንበር ተገፋ። የውጭው በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ የቫኑ በር ድምፅ ተሰማ። እናኑ ሊሄድ ነው ብላ አሰበች፤ ወይም ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ ለጋሽ አበበ ሊደውል። ይደውል አለች በልቧ፤ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ነገር ከወጣ ወዲያ የመጣው ይምጣ።

አዛርያስ ዝናብ መትቶት ተመለሰ። ከቫኑ መሳቢያ ያወጣውን ያረጀ ካልሲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከካልሲው ውስጥ ሁለት ኤፒፔኖች ወጡ፤ እነዚያው፣ የድሮዎቹ።

"ጣልኳቸው ብለኸኝ አልነበር?" አለች እናኑ።

"ብዬሽ ነበር። የቆሻሻው ቢን ጋ ደርሼ እጄ እንቢ አለኝ።" አልተቀመጠም። "አንቺ በሰው ፊት መስክረሽ እኔ ብጠራጠር፣ የእኔ ጥርጣሬ ልጄን ይጎዳታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።"

"ዝም ብትልማ መልካም ነበር። ፍጥሞ ፍጥሞ ሲል የከረመው ማን ነው?"

"ሆስፒታል የለውም ብለሽ እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር" አለ አዛርያስ። "በየቀኑ እንቢ እንድትይኝ ነበር የምጠብቀው።"

እናኑ ተቆጣች። አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ አንዱ የሌላውን እምነት እየፈራ፣ በመካከል ልጅቷን ስምንት ሰዓት ባሕር ሊያሻግሯት ነበር። ልትጮህበት አፏን ከፈተችና መብቱ እንደሌላት ትዝ አላት። መኝታ ቤት ገብታ የሞዴሱን ፓኬት አመጣችና የራሷን መርፌ ከእሱ መርፌዎች አጠገብ አኖረች። አዛርያስ ፓኬቱን አየ፣ መርፌውን አየ፣ እሷን አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ዜማ ከማጠቢያው መጥታ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። ሦስቱን መርፌዎች በዐይኗ ቆጠረች። ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች ተናገረች።

"ያመንኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?"

እናኑ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት አፍራ አታውቅም፤ የሦስት መቶው ሰው ዐይን እንኳ ከዚህች ልጅ ዐይን ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። አጠገቧ ተንበረከከችና የመታችውን እጅ ያዘች። "ነገ ማይኩን እጠይቃለሁ" አለች። "ያልኩትን መልሼ እናገራለሁ። ሰኞ ደግሞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ የሚለውን እንሰማለን።"

"ምስክርነት ተመልሶ አያውቅም" አለ አዛርያስ ቀስ ብሎ። "ጋሽ አበበ ማይኩን ላይሰጡሽ ይችላሉ።"

"ካልሰጡኝ ያለ ማይክ እናገራለሁ።"

አዛርያስ ራሱን ነቀነቀና መጥረጊያውን ሊያመጣ ሄደ። ወለሉን ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ፍሬ ሳያስቀር ጠረገው። "ቀርጤስ ይሁን በቃ" አለ እያፈሰ። "ለኛ የሚገባን እሱ ደሴት ነው።" እዮኤል የውሃ መጫወቻው ዘንዶ እንዳለው ጠየቀ፤ አባቱ አይቀርም አለው።

ዜማ አላለቀሰችም። እናቷ ግን ብታለቅስ ትመርጥ ነበር። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው፣ የፍጥሞን ዋሻ ዘጋችው፣ የቀርጤስን ካርታ ከፈተችው። ባሕሩን አላየችም፣ የውሃ መጫወቻውንም አልፈለገችም። ጣቷን ካርታው ላይ አስኬደች።

"ማሚ" አለች በመጨረሻ፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "ከሆቴሉ እስከ ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ነው?"

እናኑ መፈለግ አላስፈለጋትም።

"ዘጠኝ" አለቻት።